ጮቄን ዙሪያ፦ ሐውልት ፍለጋ በጎጃም

ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ገዳም ሊሳለም፣ ጢስ አባይን ሊያይ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ነው። እኔ በዚህ ኅዳር ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በአደባባይ የቆመ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ለማየትና ከሥሩ የሚያልፈው ሰው ስለ ሥራው ምን እንደሚያውቅ ለመጠየቅ ነው። ሐውልት የከተማ ጌጥ ብቻ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ሳይከፍልና ሳይመዘገብ የሚማርበት ቦታ ቢኖር አደባባይ ነው። እዚያ የሚቆም ሥራ ካላማረ ዞሮ የሚያየው የለም፤ አምሮም የሚነግረን ነገር ከሌለው ቦታ መያዝ ብቻ ይሆናል።

መንገዴ ጮቄን የሚዞር ነው። ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጌ ባሕር ዳር እገባለሁ፤ ከባሕር ዳር በእንጅባራና በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ እመለሳለሁ። ተራራው ስሄድም ስመለስም በግራዬ ነው።

ሰኞ፦ በረሃውን ተሻግሮ ቢቸና

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ የአባይ በረሃ ገደል በንብርብሩ ይታያል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእሱ በታች የጂፕሰም ንብርብር፣ ወደ ወንዙ ሲቃረቡ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ጂፕሰም ተቃጥሎና ተፈጭቶ ጀሶ ይሆናል። ቀራፂ ያለ ጀሶ ምን ያህል እጁ እንደሚታሰር ባሕር ዳር አይቻለሁና እዚያ ስደርስ እጽፈዋለሁ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ሽቅብ ወጣን፤ ደጀን ላይ ቁርስ በላን።

ከደጀን ወደ ቢቸና ያለው ሜዳ በዚህ ወር ወርቅ ነው። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፤ አንዳንዱ ማሳ ላይ ነዶው ተከምሯል።

የእናቴ ወገኖች ቢቸና ናቸው፤ ማታ ያደርኩት አክስቴ ቤት ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራት፣ «ልጄ፣ ስለ ሐውልት ከሆነማ ጎረቤታችንን ጥራቸው፤ ስለ አባ ኮስትር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም» አለችኝ። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የዚህ አገር ልጅ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን እዚሁ ቢቸና አውራጃ እጅ ሳይሰጥ ተዋግቷል፤ ከነፃነት በኋላ ግን በመንግሥት ላይ ተነሥተሃል ተብሎ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተገደለ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሽማግሌው ቡናቸውን ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ፣ «ጎፈሬውን ሁሉም ይሥለዋል፤ ጠመንጃውንም ሁሉም ያስይዘዋል። ዓይኑን ግን ማን ይሥለዋል? አባቴ ስለ ጀግንነቱ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ዓይኑን ነበር» አሉ። እኔም በላይን የሚቀርጽ ሰው ስለ መጨረሻው ቀን ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቅኋቸው፤ ገመዱ ይነገር ወይስ ይተው? ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጅ የልጅ ልጅ ሲጠይቅ ግማሹን ብቻ ብትነግረው ግማሹን ከሌላ ሰው ይሰማል፤ ከሌላ ሰው ሲሰማ ደግሞ አንተን አያምንህም» አሉኝ።

በዚህ ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከሐውልት ሥር የሚጻፈው ጽሑፍ የድሉን ዓመት ጽፎ የስቅላቱን ዓመት ካስቀረ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

ማክሰኞ፦ መርጡለ ማርያም

በደብረ ወርቅ አልፈን ወደ እነብሴ ሳር ምድር ገባን። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ጎጃም ውስጥ የት ልሂድ ብሎ ቢጠይቀኝ መርጡለ ማርያም እለዋለሁ።

ዛሬ ከሚገለገልበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የአንድ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ። መጀመሪያ ያሠራችው እቴጌ እሌኒ ናት፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። እሌኒ ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች ሴት ናት። ሕንፃው በግራኝ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መልሰው ሠሩት። አሁን የቀረው ግድግዳና በግድግዳው ላይ ያለው ቅርጽ ነው።

ቅርጹን ለማየት ጠዋት መድረስ ያስፈልጋል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ድንጋዩ ሁሉ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ጠዋት ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚገባ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ይይዛል፣ ያን ጊዜ አበባው ከድንጋዩ ይወጣል። አንዱን ጽጌረዳ መሰል ክብ ቅርጽ ቀርቤ ተመለከትኩ። መካከሉ ትንሽ እብጠት አለው፤ ቅጠሎቹ ከመካከሉ ተነሥተው ወደ ዳር ሲሄዱ ይሰፋሉ፤ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ፈር መሮው የሄደበትን አቅጣጫ እስከ ዛሬ ያሳያል። በአንደኛው ቅጠል ላይ መሮው ትንሽ ስቶ የድንጋዩን ጠርዝ ሸርፎታል፤ ጠራቢው አልተወውም፤ ሽራፊውን አለስልሶ ቅጠሉ የታጠፈ አስመስሎታል። ዙሪያውን እንደ ገመድ የተገመደ ጠርዝ ይዞታል።

የሚያስጎበኙኝ የኔታ የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ ይዘው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነበር። «የኔታ፣ እነዚህ ልጆች ስለ ድንጋዩ ያውቃሉ?» አልኳቸው። አንዱን ትንሽ ልጅ ጠሩና፣ «ንገራቸው» አሉት። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ማን እንዳሠራው፣ ማን እንዳቃጠለው፣ ማን መልሶ እንደሠራው አንድ ሳያስቀር ወረደው፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔ የምወደው ይህን ነው» ብሎ ከበሩ ቅስት አጠገብ ያለውን ጠማማ ሐረግ አሳየኝ። ለምን እንደወደደው ስጠይቀው መጀመሪያውና መጨረሻው እንደማይታወቅ ነገረኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሥዕል ይከበራል እንጂ ዙሪያውን የሚታይ ምስል አይቆምም። ስለዚህ ነው የሰው ምስል ያለው ሐውልት በአገራችን አደባባይ ላይ የታየው በዘመናችን፣ ገና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆነው። ይሁንና ድንጋይ መጥረብና በድንጋይ ማስተማር ለጎጃም እንግዳ እንዳልሆነ የመርጡለ ማርያም ግድግዳ ምስክር ነው። ከዝናብ የሚጠብቀው በቂ መከለያ ቢኖረው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ረቡዕ፦ ሞጣ

ሞጣ ምሳ በላን፤ ከዚያ ባሕር ዳር። ስለዚህ ቀን የምጽፈው ሌላ የለኝም፤ መኪናው መንገድ ላይ ጎማ ቀይሯል።

ሐሙስ፦ ባሕር ዳር

የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት አለ፤ የደርግን ሥርዓት ሲታገሉ ለወደቁት የቆመ ነው። ግቢው እስከ ወንዙ ዳር ይደርሳል፤ የውኃ መውረጃ ደረጃ አለው። ከዚያ ሆኖ አባይ ከጣና ሲወጣ ማየት ይቻላል። ጠዋት ስደርስ ሙሽሮችና ሚዜዎች ፎቶ ይነሡ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ይቀየማል፤ እኔ አልቀየምም። ሰው የደስታ ቀኑን ለማሳለፍ የሚመርጠው ቦታ ሕያው ቦታ ነው።

ከበሩ ውጭ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ቆሎ ገዝቼ ስለ ሐውልቱ ጠየቅኋት። «ወንድሜ ሄዶ አልተመለሰም» አለች። በየትኛው በኩል እንደነበረ ስጠይቃት፣ «በደርግ በኩል። ከገበያ አፍሰው ነው የወሰዱት። የእሱ ስም የትም የለም። እዚህ ስቀመጥ ግን እሱንም አስበዋለሁ፤ የት ሄጄ ላስበው?» አለችኝ።

ይህን ንግግር ቀኑን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። የመታሰቢያ ሐውልት የሚያስተምረው ማን እንደታሰበ ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳልታሰበም ያሳያል። ልጆችን ወደዚህ ይዞ የሚመጣ መምህር ይህን ጥያቄ አብሮ ቢያነሣ ትምህርቱ እጥፍ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የአንዱ ወገን እናት ያለቀሰችበትን ጦርነት የሌላውም ወገን እናት አልቅሳበታለች።

ከሰዓት በኋላ በከተማው ውስጥ የአንድ ቀራፂ የሥራ ቦታ ገባሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ ግቢ ነው፤ መሬቱ በጀሶ ነጭ ሆኗል። መካከል ላይ ከሰው የሚበልጥ፣ ገና ጭቃ የሆነ ምስል ቆሟል፤ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። ጭቃው ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጩበታል። ቀራፂው ጆንያውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረገልኝ።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ በክንድ ልክ ትንሽ ሞዴል ይሠራል። ከዚያ ልኩ ተባዝቶ የብረት አጽም ይበየዳል፤ አጽሙ ላይ ሽቦ ይጠመጠማል፤ በሽቦው ላይ ጭቃ ይለጠፋል። ምስሉ ሲያልቅ በጀሶ ይሸፈናል፤ ጀሶው ሲደርቅ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣና ውስጡ የምስሉን ግልባጭ ይዞ ይቀራል። ያ ግልባጭ ሻጋታ ነው። በሻጋታው ውስጥ ሲሚንቶ ወይም ፋይበርግላስ ይሞላል፤ ገንዘብ ካለ ደግሞ በሰም አልፎ ነሐስ ይፈሳል፤ መስቀል አፍሳሾቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ዘዴ ነው። የአባይ በረሃ ጂፕሰም ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ጀሶ ጭቃው ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ፊቱን ሳየው ጭንቅላቱ ትንሽ ገዘፈብኝና ይህንኑ ነገርኩት። ሳቅ ብሎ፣ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ከመሬት ቀና ብዬ ሳየው ጭንቅላቱ ልክ ሆነ። «ከፍ ባለ መሠረት ላይ ስለሚቆም ከሥር የሚያየው ሰው ጭንቅላቱ ያንስበታል። እኔ የምሠራው ከሥር ለሚያየው ነው፤ በትምህርት ቤት ቦርሳው ለሚያልፈው ልጅ» አለኝ። የሥራው ፍልስፍና በሙሉ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ መሰለኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ስለሚያስቸግረው ነገርም ጠየቅኩት። አንደኛው ጊዜ ነው፤ አሠሪዎች ለበዓል እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ፤ ሲሚንቶ ሳይጠና የተመረቀ ሥራ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውኃ ያስገባል፤ ውኃው ውስጡን ያለ ብረት ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ ያብጥና ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። «ሰው ሐውልት ሲፈርስ ያረጀ ይመስለዋል» አለ፤ «ገና ሲወለድ የታመመ ነው እንጂ።»

ዓርብ፦ ዘጌ

በጀልባ ዘጌ ሄጄ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አየሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ሥዕልና ሐውልት የተለያዩ ናቸው፤ የመጣሁት ግን ሥዕሉ እንዴት እንደሚያስተምር ለማየት ነው። አንድ አባት ለምእመናን በቀጭን ዘንግ እየጠቆሙ ያስረዱ ነበር፦ ይህ በላዔ ሰብእ ነው፤ ይህች እመቤታችን ናት፤ ይህ ሚዛን ነው። አጠገቤ የቆሙት ባልቴት ማንበብ እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ ታሪኩን ግን ከአባ ቀድመው ይጨርሱታል።

ሥዕሉ ብቻውን አላስተማራቸውም። ዘንግ የያዘ ሰው ነበረ፤ በየዓመቱ ክብረ በዓል ነበረ፤ እናት ለልጅዋ መንገር ነበረ። አደባባዮቻችን ላይ የጎደለው ይህ ነው። ምስሉን እናቆማለን፣ ሪባን እንቆርጣለን፣ ከዚያ በኋላ ዘንግ የሚይዝ ሰው አንመድብም።

ቅዳሜ፦ እንጅባራና ቡሬ

በመራዊና በዳንግላ አልፈን እንጅባራ ደረስን። በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ወጣቶች ተደርድረዋል፤ ቀርከሃውን በእሳት እያሞቁ ሲያጎብጡት ቆሜ አየሁ። እዚህ አገር ዋናው የመታሰቢያ ሥራ ግን በእንቅስቃሴ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ከሰው ጋር ለዘመቱት ፈረሶች ጭምር መታሰቢያ ነው። አንድ የፈረስ ዕቃ ሻጭ በቀይና በቢጫ ያጌጠ ግላስ አሳየኝና የአያቱን የዓድዋ ታሪክ ከፈረሱ ስም ጋር ነገረኝ።

በዚሁ መንገድ ላይ ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ያየሁትን ግን ሳልጽፍ አላልፍም። መካከሏ ላይ ሐውልት አለ፤ ዙሪያው በብረት አጥር ታጥሯል፤ በሩ በቁልፍ ተዘግቷል፤ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ የለውም። የባጃጅ ሾፌር ጠየቅኩ፤ አላወቀም። ሻይ የምታፈላ ልጅ ጠየቅኩ፤ አንድ ስም ነገረችኝ፤ ጎረቤቷ ሌላ ስም ነገረኝ፤ ተከራከሩ። ከልቤ አዘንኩ። ያን ሥራ የሠራ ሰው ወራት አጎንብሷል፤ የከተማው ሕዝብም ገንዘብ አዋጥቷል። ለጽሑፉ የሚበቃ አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ ከአጥሩ ብረት ይረክስ ነበር።

በቡሬ በኩል ቀጠልን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚህ መስመር ነው የመጡት፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። እኛም ሲመሽ ገባን።

እሑድና ሰኞ፦ ደብረ ማርቆስ

እሑድ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ አረፍኩ። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበረች፤ ስሟ የተለወጠው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሰኞ ጠዋት በከተማዋ ወደሚገኘው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሐውልት ሄድኩ። ከእንጅባራ ስንመጣ አውቶቡስ ላይ የተዋወቅሁት የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ። ልጆቹን ከሐውልቱ ሥር አስቁሞ ገለጻ አልጀመረም። «ዝም ብላችሁ ዙሩት፤ ከዚያ ያያችሁትን ንገሩኝ» አላቸው። ዞሩት። አንዱ ስለ አለባበሱ ተናገረ፤ አንዷ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ጠየቀች፤ ሌላው «የተቆጣ ይመስላል» አለ፤ ጓደኛው «አልተቆጣም፤ ደክሞታል» ብሎ ተከራከረው።

መምህሩ ታሪኩን የጀመረው ከዚህ ክርክር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሠ ጎጃም ወካፋ ተብለው፣ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ሆኖ ነገሡ። በዓመቱ፣ ግንቦት 1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ደግሞ ከእኚሁ ከማረኳቸው ከምኒልክ ጋር ዓድዋ ላይ ተሰለፉ። በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ።

«የማረከህ ሰው ጠርቶህ ትዘምታለህ?» አለ መምህሩ። ልጆቹ ተንጫጩ። ገሚሱ አልዘምትም አለ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ «የመጣው ጣሊያን ከሆነማ እዘምታለሁ፤ የእምባቦው የእኛ የቤታችን ጉዳይ ነው» አለ። ክርክሩ በጣም ስለጋለ ቆመው የሚያዳምጡ መንገደኞችም ገቡበት፤ አንድ የመኪና ረዳት ሥራውን ትቶ ስለ እምባቦ ከአያቱ የሰማውን ማውራት ጀመረ። በክፍል ውስጥ ይህ ትምህርት በሰሌዳ ላይ አራት ቀን ዓመተ ምሕረት ይሆን ነበር።

እኔም ተራ ሲሰጠኝ ስለ መርጡለ ማርያም ነገርኳቸው፤ በስልኬ ያነሣኋቸውን ፎቶዎችም አሳየኋቸው። ደብተሯን ደረቷ ላይ የያዘች ተማሪ፣ «ታዲያ የእቴጌ እሌኒ ሐውልት የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አይቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። «ይሠራ ብንል ምን ትይዛለች?» አለ መምህሩ። መስቀል ያሉ ነበሩ። ልጅቷ ደብዳቤ ትያዝ አለች፤ ወደ ፖርቱጋል የላከችውን። ቀጭኑ ልጅ ደግሞ ከአጠገቧ ሕፃኑ ልብነ ድንግል መቆም አለበት፣ እሷም መቀመጥ አለባት፣ አለበለዚያ አገር ያስተዳደረችው እሷ መሆኗ አይታወቅም ብሎ ተሟገተ።

መምህሩ ሰዓቱን አይቶ ክርክሩን አቋረጠና ለረቡዕ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን እሌኒ በእርሳስ ሥሎ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን ጽሑፍ በአምስት መስመር አዘጋጅቶ እንዲመጣ አዘዘ። የፎቶዎቹን ቅጂ በስልኩ ላክሁለት፤ የልጆቹን ሥራ መልሶ እንዲልክልኝም አደራ አልኩት።